«ከልጅነቴ ጀምሮ እዋኛለሁ»

ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2017

ሥራ ለቀቅሁ። አልተባረርኩም፣ ለቀቅሁ። ነገ ወሬው ሲቀላ ሰፈር ገበያ ሲደርስ መገልበጡ ስለማይቀር ቀድሜ እዚህ ላስቀምጠው።

ጠዋት ሴቻ ሰፈር ያለው የማስጎብኛ ቢሯችን ስደርስ በሩ ላይ አዲስ ፖስተር ተለጥፏል። «ሞቃቷ ደሴት! የአንድ ቀን ጉዞ፣ ዋና፣ የዓሣ ምሳ። ሐሳብና ዝግጅት፦ ክንፉ።» ክንፉ የአለቃዬ የአቶ ገነነ የእህት ልጅ ነው። ያ ጉዞ ግን የእኔ ነው። ሦስት ወር ለፍቼ አሥራ አራት ገጽ ጽፌዋለሁ፤ አባያ ሐይቅ ላይ ነፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ጀልባው በየት በኩል ቢጠጋ ጉማሬዎቹን እንደማይረብሽ፣ ሴቶች ብቻቸውን የሚዋኙበት ሰዓት ለምን እንደሚያስፈልግ ሁሉ። የምሳው ዝርዝር ሳይቀር የእኔ ነው። ክንፉ ዓሣ እንኳ አይበላም።

ደሴቷን የማያውቅ የለም። ካለፈው ዓመት ወዲህ፣ ቪዲዮዋ በየስልኩ ከዞረ በኋላ፣ የአርባ ምንጭ ሰው ግማሹ እዚያ ሄዶ መዋኘት ያምረዋል። ከድንጋይ ሥር የሚወጣ ሙቅ ውሃ አለ፤ የደሴቷ ሰዎች ዙሪያውን በድንጋይ ስላጠሩት አዞ አይገባበትም። አዞ እያየ ላደገ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«አቢጋኤል፣ የእኔ ልጅ» አሉኝ አቶ ገነነ። ሊበድሉኝ ሲሉ ሁልጊዜ ልጃቸው ነኝ። «አንቺ ዕቅዱን ጻፊ። ውሃ ላይ ወንድ ይሂድ። ሰው ቢሰጥም ወረቀትሽን ነው የምትወረውሪለት?»

ቢሮው ሳቀ። ክንፉ አልሳቀም፣ ጫማውን ያያል።

«ለመሆኑ መዋኘት ትችያለሽ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ እዋኛለሁ!» አልኩና ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ ጥዬ ወጣሁ። አወጣጤ ግሩም ነበር። በሩም አላሳፈረኝም፣ ጥሩ አድርጎ ጮኸ።

መዋኘት አልችልም። ውሃ ከጉልበቴ በላይ የነካኝ ስጠመቅ ብቻ ነው፤ ያኔም ፓስተሩ ይዞኝ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

የራሴን ጉዞ ላዘጋጅ ነው። የእነሱ የሚጀምረው ከፋሲካ በኋላ ነው። እቀድማለሁ።

ለዚህ የጀልባ ማኅበሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ ጋሽ ሽመክት ሐይቁ ዳር ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት ጀልባ የነዱ ሰው ናቸው። ከሞተር ድምፅ በላይ መናገር ስለለመዱ የብስ ላይም ይጮኻሉ።

«ዋናተኛ ይዞ የሚሄድ አስጎብኚ መዋኘት አለበት! ደንብ ነው!»

«እችላለሁ።»

«በወሬ አይደለም! በዓይኔ ነው የማየው!»

«እዚሁ ልግባ?» አልኩ። ለምን እንዲህ እንደምል አላውቅም። አፌ ከእኔ አሥር እርምጃ ይቀድማል።

«እዚህማ የሚፈትንሽ አዞው ነው!»

ውሳኔያቸው ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ጉዞ አብረውን ይመጣሉ። ተሳፋሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት ደሴቷ ላይ ያለውን የሙቅ ውሃ ገንዳ አንድ ሰው እየጎተትኩ እሻገራለሁ። ካቃተኝ ሁሉም ወደ ጀልባው ይመለሳል፣ ስሜም ከመዝገቡ ይሰረዛል። ቀኑ ከኢድ በኋላ እንዲሆን ቅዳሜ መጋቢት 27 አልኩ።

ሃምሳ ሁለት ቀን አለኝ። በማዕረግ የተመረቅሁ ሰው ነኝ። ከመመረቂያ ጽሑፍ አይብስም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሸይማ አሥራ አንድ ሴቶች አገኘችልኝ! ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ የምትሠራው በአባቷ በጋሽ ሙህሲን ጨርቃ ጨርቅ መደብር ነው። ጨርቅ ልትገዛ የገባችውን ሁሉ ሳታስመዘግብ አትለቅም። ነርስ አለች፣ ሁለት አስተማሪዎች አሉ፣ የቀሩት የነጋዴ ሚስቶችና ልጆች ናቸው። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የዋና ልብስ ራሷ ልትሰፋ ነው።

«እሺ ያሉት አንቺ እንደምትዋኚ ስነግራቸው ነው» አለችኝ። «እናቴንም ያሳመንኳት በዚያ ነው። ‹አቢጋኤል ካለች አልፈራም› ብላለች።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «አሥራ ሁለት ብናደርጋቸውስ?» አልኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ከስልክ ላይ ዋና ተማርኩ። አልጋ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ እጄንና እግሬን እያወራጨሁ። በጣም ጥሩ እየሄድኩ ሳለ እናቴ ገባች።

«ምን ሆነሻል?»

«ስፖርት ነው።»

«በሆድሽ?»

«አዲስ ነው፣ እማዬ።»

ቆማ አየችኝ። «ትራሱ ጋ ስትደርሺ ተመለሺ» ብላ በሩን ዘጋችው።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ዓሣ ተራ ሄጄ እትዬ ወለቴን አገኘሁ። ደሴት ላይ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ሲቀላ ዓሣ የምትሸጥ ሴት ናት። ፊቷን ያየ ሃምሳ ይላታል፣ ክንዷን ያየ ግን ሠላሳ ይላል።

ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ ዋና አስተምሪኝ አልኳት።

«ምን?»

«ዋና።»

«ዋና መማር ትፈልጋለሽ?!» ገበያው ሁሉ ዞረ። ቢላዋዋን ጠርጋ ከላይ እስከ ታች ለካችኝ። «ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃያ አራት።»

«እኛ ጋ የአራት ዓመት ልጅ ነው የምናስገባው። ሃያ ዓመት ዘግይተሻል። ነገር ግን ቀጭን ነሽ፣ አትከብጂም።»

ኩልፎ ወንዝ ዳር የወንድሟ የሙዝ ማሳ አለ፤ መሃሉ ላይ ውሃ የሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ገንዳ። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሠራተኞቹ ሳይመጡ ልታስተምረኝ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ አልኳት። ከገበያው ውስጥ ያልሰማ የቀረ ካለ ማለቴ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 16

ከጸሎት ቤት ስንወጣ፣ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ፦

«ሥራዋን ትታ የሰው ልጆች ሐይቅ ልትከት ነው አሉ።»

«አንገቷንስ አየሽው? ያች ልጅ ስትታዘዝ አይቻት አላውቅም።»

ዞሬ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳቸው፣ እንደመረቁኝ ሁሉ። ደነገጡ። ቀኔን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

አንድ የገረመኝ ነገር፦ እናቴ ጸሎት ስትመራ «በውሃ ላይ ሥራ ላላቸው ሁሉ» ብላ ጸለየች። እናቴ ለመርከበኞች ማሰብ የጀመረችው ከመቼ ወዲህ ነው?

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

የመጀመሪያ ትምህርት። ገንዳው ደረቴ ድረስ ነው። እትዬ ወለቴ አንድ የሙዝ ግንድ ቆርጣ ውሃው ላይ ጣለች፤ ውስጡ አየር ስለሆነ እንደ ቡሽ ይንሳፈፋል። «እቀፊው፣ እግርሽን ምቺ» አለች።

አቀፍኩት። ግንዱ ተገለበጠ። እኔም አብሬው። ስወጣ አፌ ውስጥ ቅጠል ነበር።

እትዬ ወለቴ ስትናደድ አማርኛዋ እኔን ወንድ ያደርገኛል። «እግርህን ምታ! ምታ አልኩህ! ማንን ትጠብቃለህ?» ዛሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወንድ ነበርኩ።

አልፈራሁም። ውሃው ቀዝቅዞ ነው የተንቀጠቀጥኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 24

አምስተኛ ትምህርት። ፊቴን ውሃ ውስጥ ከትቼ እቆጥራለሁ፤ እስከ ስድስት። ሰባት ላይ የሆነ ነገር ደረቴን ጨብጦ ያወጣኛል። ሰባትን ለምን እንደማልወድ አላውቅም።

ጾም ስለገባ ሸይማን የማገኛት ከአፍጥር በኋላ ነው። አምስት የዋና ልብስ ጨርሳለች። የእኔን ሰማያዊ አድርጋዋለች፣ «አለቃዋ እንድትለይ» ብላ። ደብተሬ ሆይ፣ ልነግራት ነበር። ሾርባ አቀረቡልን።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ሰጠምኩ። ደረቴ ድረስ በሆነ ውሃ። እትዬ ወለቴ በጸጉሬ አወጣችኝ። ሌላ አልጽፍም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

እጽፋለሁ። አልሄድም ብዬ ነበር። ጠዋት ስነሳ ወንበሩ ላይ የውሃ ልብሴ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ አገኘሁት። አልጋ ሥር ነበር የደበቅሁት። እናቴ ማእድ ቤት ሆና «ኩልፎ ጠዋት ጠዋት ይቀዘቅዛል ይላሉ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ስለ አየር ጠባይ ማውራት ጀምራለች፤ እርጅና ይሆናል።

ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ተንሳፈፍኩ!!! ያለ ግንድ! በጀርባዬ! ሰማይና የሙዝ ቅጠል ብቻ ነው የሚታየኝ። እትዬ ወለቴ «አየሽ? ውሃው አልጣለሽም፤ አንቺ ነሽ ከውሃው የምትጣዪው» አለች። ዛሬ ሴት ነበርኩ።

ቤት ስገባ ጆሮዬን ስመታ እናቴ አየችኝ። «ራስሽን አዘንብለሽ በአንድ እግር ዝለዪ፣ ይወጣል።»

«ምኑ?»

«ገላ ስትታጠቢ የገባው ነዋ» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ዞረች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ከሴቻ ስወርድ ሚኒባስ ውስጥ ክንፉ አጠገቤ ተቀመጠ። ሌላ ቦታ አልነበረም፣ እንጂ እነሳ ነበር።

«አቢጋኤል፣ ፖስተሩን እኔ አላሠራሁትም።»

«ስምህ ግን አለበት።»

«አጎቴ ነው የጻፈው።»

«እና አልቻልክም ‹የእኔ አይደለም› ማለት?»

«አልቻልኩም» አለ፣ እንዲሁ፣ ሳይከራከር። እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጡኝ አልወድም፤ የምጣላው ነገር ያሳጣኛል። ወራጅ አለ ብዬ ከቤቴ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።

በእግሬ ስሄድ አንድ ሐሳብ አልለቀኝ አለ። እሱ ያልሠራውን ሠራሁ ሲባል ዝም አለ። እኔስ? እኔ ዝም እንኳ አላልኩም፤ በገዛ አፌ ነው የማልችለውን እችላለሁ ያልኩት። አሥራ አንድ ሴቶች አምነውኛል። ግን የእኔ ይለያል። እንዴት እንደሚለይ ነገ እጽፋለሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ገንዳውን በደረቴ ተሻገርኩ። ስድስት ሜትር። ስለትናንቱ የምጽፍበት ጊዜ የለኝም።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ኢድ። እነ ሸይማ ቤት ሙሉ ቀን በላሁ። እናቷ ወይዘሮ ሐሊማ ጉንጬን ይዘው «የእኔን ልጅ እንዳንቺ ዋናተኛ አድርጊልኝ» አሉ። ጎረቤቶቹ አጨበጨቡ። ሸይማ ልብሶቹን አውጥታ አሳየች፤ የእኔ ሰማያዊው መሃል ላይ ተሰቅሏል። ሥጋውን ሳልጨርስ ሳህኔን አስቀመጥኩ።

ነገ እነግራታለሁ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት ወደ ኋላ ገልጬ ማየት አልፈልግም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

ዛሬ የሆነውን ላምነው አልቻልኩም፤ ሦስት ጊዜ ስቄያለሁ።

ማኅበሩ ጀልባ የሚሰጠው በተራ ነው። ተሳፋሪ ጀልባ አይመርጥም፣ ጀልባም ተሳፋሪ አይመርጥም፤ ተራውን የዘለለ ከሰልፉ መጨረሻ ይሰለፋል። ጋሽ ሽመክት መዝገባቸውን ገልጠው በጣታቸው እየወረዱ «ቅዳሜ... ቅዳሜ... የገነነ ጀልባ!» ብለው ጮኹ።

አቶ ገነነ እዚያው ነበሩ። «እሷን? እኔ እሷን አላሳፍርም!»

«እንግዲያው መጨረሻ ትሰለፋለህ! ሃያ ሦስት ጀልባ ከፊትህ አለ! ፋሲካም ያልፍሃል!»

አቶ ገነነ አየኝ፣ ማለቴ አዩኝ። (አሁን እዚህ ደብተር ላይ አንቱታ ላስቀር ብዬ ነበር፣ እጄ ግን እናቴ ያሳደገችው ነው።) «ክንፉ ይወስዳታል» ብለው ወጡ። በሩ ለእሳቸውም ጮኸ፤ የእኔን ያህል ግን አይደለም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

እትዬ ወለቴን ጎተትኩ። «ሙት ነኝ፣ ጎትቺኝ» ብላ ለቀቀችው ራሷን። ከኋላ በብብቷ ሥር ይዤ፣ በጀርባዬ፣ እግሬን እየመታሁ። ስድስቱን ሜትር ጨረስኩ። ሁለቴ ዋጥኩ። ሙቷ ሙሉውን መንገድ ስትሰድበኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን አለ። እዚህ ገንዳ ውስጥ ብቆም መሬት አገኛለሁ። የደሴቷ ገንዳ መሃሉ ለረጅም ሰው እንኳ መሬት የለውም አለች፣ ምንም እንዳልሆነ፣ ጸጉሯን እየጨመቀች።

ዓርብ፣ መጋቢት 26

ነገርኳት።

መደብሩ ውስጥ፣ ደንበኛ እስኪወጣ ቆሜ። «ሸይማ፣ መዋኘት አልችልም ነበር። ያን ቀን ዋሸሁ። የተማርኩት ካለፈው ወር ወዲህ ነው።»

ሜትሩን አስቀመጠች። «መቼ ልትነግሪኝ ነበር? ስሰጥም?»

«ሸይሙ...»

«ሸይሙ አትበይኝ። እናቴ ስምሽን እየጠራች ነው ለጎረቤት የምትኮራው። ያ ሰውዬ ሥራሽን በውሸት ወሰደ ብለሽ ሁለት ወር ጆሮዬን በላሽው። አንቺስ?»

ቆሜ ጣቃ ጨርቅ ቆጠርኩ። ለሁሉም ደውዪላቸው፣ መምጣት የማይፈልግ ይቅር አልኩ። ፊት ለፊቴ ደወለች፤ ለአሥራ አንዱም፣ እውነቱን፣ አንድም ሳታለሳልስ። ነርሷ ብቻ «በስንት ሳምንት ነው የተማረችው?» ብላ ጠየቀች። ስድስት አለቻት። «እንግዲያው እኔም እችላለሁ» አለች ነርሷ። ሦስቱ ቀሩ። ስምንቱ ይመጣሉ።

ልወጣ ስል ጠራችኝ። ፊቷ ገና አልተፈታም።

«ነገ ማንን ነው የምትጎትቺው?»

«አላውቅም። አንዷን።»

«እኔን ነው። ካሰጠምሽኝ ለእናቴ ሄደሽ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ።»

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። እጄ ይዝላል፣ ግን ሁሉንም ልጻፍ።

ጠዋት እናቴ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ቅያሪ ልብስ ከተተች። «አንዱ አይበቃም?» ስላት «አንዱን ለምትጎትቺያት» አለችና ምሳዬን አቀበለችኝ። ጎትቼ እንደምፈተን አንድም ቀን አልነገርኳትም። ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ምን እንዳልኳት አልጽፍም፣ የእኔና የእሷ ነው።

አባያ ጠዋት ጸጥ ያለ ነበር፣ ቀይ ሻይ ይመስላል። ክንፉ ሞተሩን ይዟል፣ ጋሽ ሽመክት ከፊት ናቸው፣ ሴቶቹ በመሃል። ላይፍ ጃኬቶቹን ሰጠኋቸው፤ ይሞቃል ብለው አጣጥፈው ተቀመጡባቸው። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ አልሰሙኝም። አስተማሪዎቹ አዞ ባዩ ቁጥር ይጮኻሉ፤ ግማሹ ግንድ ነበር።

ገንዳው ከቪዲዮው ያንሳል፣ ከሕልሜ ግን ይበልጣል። ከዳር እስከ ዳር አሥራ ሁለት ሜትር። ጋሽ ሽመክት ድንጋይ ላይ ቆመው «ጀምሪ!» አሉ። ሸይማ ቢስሚላህ ብላ ከእኔ ጋር ገባች። ውሃው እንደ አዲስ የተቀቀለ ድንች ይሞቃል። በብብቷ ያዝኳት፣ በጀርባዬ ተኛሁ፣ መታሁ።

መሃል ስንደርስ እግሬን ወደ ታች ዘረጋሁ። ለምን? ላረጋግጥ። ምንም አልነበረም። ያን ጊዜ ያ ደረቴን የሚጨብጠው ነገር መጣ፣ ሰባት ቁጥር። ውሃ ዋጥኩ። የሸይማ ራስ አንዴ ወረደ።

«አቢጋኤል!» አለች ስትወጣ፣ እየተፋች። «ለእናቴ ምን ብለሽ ነው የምትነግሪያት? ተለማመጂ እስቲ!»

ሳቅሁ። ውሃ ውስጥ ሆኖ መሳቅ አይመከርም፣ ግን የጨበጠኝ ነገር ለቀቀኝ። «‹ወይዘሮ ሐሊማ፣ ልጅዎ ብዙ ስለምታወራ ከበደችኝ›» አልኩና መታሁ፣ መታሁ፣ መታሁ፣ ጭንቅላቴ ድንጋይ ገጨ። ደርሰናል።

ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሽ ሽመክት ብዕራቸውን አወጡ። «አስቀያሚ ዋና ነው! ግን ዋና ነው!» ፈረሙ። ከዚያ እሳቸውና ክንፉ ወደ ጀልባው ሄደው ጀርባቸውን ሰጡን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃው የእኛ ሆነ። ነርሷን አንሳፈፍኳት። ሸይማ እንደተኮራረፍን ነው የምትለው፣ ነገር ግን ምሳዬን ግማሹን በላችብኝ።

ስንመለስ ነፋሱ እኔ በጻፍኩት ሰዓት ተነሳ፣ በደቂቃ አልሳተም። ጀልባዋ መዝለል ጀመረች። አንደኛዋ አስተማሪ ፍርሃቷን ለመርሳት ይመስለኛል፣ «ጋሽ ሽመክት፣ እርስዎስ ዋና የት ተማሩ?» አለቻቸው።

«ምን?»

«ዋና!»

«እኔ? እኔ ምን አጥፍቼ ውሃ ውስጥ እገባለሁ?»

ሴቶቹ የጀልባውን ጠርዝ ጨበጡ።

«አይችሉም?» አለች ነርሷ።

«ከማኅበራችን የሚችል የለም! አዞ ባለበት ሐይቅ ዋና ምን ይሠራል? እኛ ያወቅነው አለመውደቅን ነው!»

ሁላችንም ቀስ ብለን ወደ ክንፉ ዞርን። ሞተሩን ያዥ፣ ሐሳቤን ወሳጅ፣ «ውሃ ላይ ወንድ ይሂድ» የተባለለት ወንድ። ጆሮው ቀላ።

«አጎቴ ጠይቆኝ አያውቅም» አለ።

መጀመሪያ ሸይማ ነች የተነሳችው። የተቀመጠችበትን ጃኬት ከሥሯ መዝዛ አጠለቀች። ቀጥላ ነርሷ። ከዚያ ሁሉም፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ እየተያዩ፣ ማሰሪያ እየተሳሰሩ። አንዱን ለጋሽ ሽመክት ወረወርንላቸው፣ አንዱን ለክንፉ።

ከዚያች ጀልባ ውስጥ መዋኘት የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔም ለበስኩ።